የተለካውና ያልተለካው፦ የዋሽንግተኑ ግሪፊዝ ስታዲየም ታሪክ

በፋካልቲው የሕዝብ ትምህርት መድረክ የቀረበ ንግግር። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።



በዋሽንግተን ዲሲ የኖረ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደዚያ ያቀና ኢትዮጵያዊ፣ በጆርጂያ አቬኑ ላይ የሚገኘውን የሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሳያውቀው አይቀርም። ከሆስፒታሉ ጥቂት መንገዶች ዝቅ ብሎ በዘጠነኛው ጎዳናና በዩ ስትሪት አካባቢ የአገራችን ምግብ ቤቶች ተደርድረው ይገኛሉ። እኔም ከዓመታት በፊት ለጥናት በሄድሁበት ጊዜ የታመመ ወዳጄን ለመጠየቅ ወደዚህ ሆስፒታል ገብቼ ነበር። በሕንፃው ውስጥ በምልክት ተለይቶ የተጠበቀ አንድ ቦታ አየሁ። ቦታው የቤዝቦል መቺ ዱላውን ይዞ ይቆምበት የነበረ ሥፍራ መሆኑን ነገሩኝ። ሐኪሞችና አስታማሚዎች የሚመላለሱበት ያ ምድር ለግማሽ ምዕተ ዓመት ግሪፊዝ ስታዲየም የሚባል የኳስ ሜዳ ነበር።

የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ሜዳ ነው። ከእናንተ መካከል አብዛኛው ቤዝቦልን እንደማይከታተል አውቃለሁ፤ እኔም በጨዋታው ባለሙያ አይደለሁም። ይሁን እንጂ የአንድ ስታዲየም ታሪክ ለታሪክ ተማሪ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ያነሳል። ዐቢይ ክንውን ተብሎ በመዝገብ የሚሰፍረው የትኛው ድርጊት ነው? የሚያሰፍረውስ ማን ነው?

፩. ሜዳውና ግንቡ

አስቀድሞ ስለ ቤዝቦል ሜዳ ጥቂት ማብራሪያ መስጠት ያስፈልጋል። የእግር ኳስ ሜዳ በሁሉም አገር አራት ማዕዘን ነው፤ ስፋቱም በጠባብ ገደብ የተወሰነ ነው። የቤዝቦል ሜዳ ግን ውስጠኛው ክፍል ብቻ ነው በትክክል የተለካው። መቺው ከሚቆምበት ነጥብ ተነሥቶ ወደ ሁለት አቅጣጫ እንደ ማራገቢያ የሚሰፋው ውጫዊ ክፍል የሚያበቃው በአጥር ወይም በግንብ ሲሆን፣ የግንቡ ርቀት ከከተማ ከተማ ይለያያል። መቺው ኳሷን በአየር ላይ እንዳለች ከዚያ ግንብ ካሻገራት ሆም ረን ይባላል፤ ቡድኑም ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ የግንቡ ቅርበትና ርቀት፣ ቁመትና ቅርጽ የጨዋታውን ውጤት ይለውጣል። የጥንት ሜዳዎች በከተማ መካከል በተገኘው ቦታ ላይ የተሠሩ ስለ ነበሩ፣ ቅርጻቸውን የወሰነው መሐንዲሱ ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱም ጭምር ነው።

ግሪፊዝ ስታዲየም ለዚህ ግሩም ምሳሌ ነው። በቦታው ላይ ከ1891 ጀምሮ የእንጨት ሜዳ ነበር። መጋቢት 17 ቀን 1911 የእንጨቱ መቀመጫ በእሳት ጋየ። የውድድሩ ዘመን ሊከፈት የቀረው አንድ ወር እንኳ አልነበረም። በብረትና በኮንክሪት የሚሠራው አዲስ ሕንፃ ግንባታ በጥድፊያ ተጀመረ፤ ሚያዝያ 12 ቀን ሥራው ሳያልቅ ጨዋታ ተካሄደበት፤ የዋሽንግተኑ ቡድን ሴናተርስም የቦስተኑን ሬድ ሶክስ 8 ለ 5 አሸነፈ። ሜዳው በኋላ በ1920ዎቹ መጀመሪያ የቡድኑ ባለቤት በነበሩት በክላርክ ግሪፊዝ ስም ተጠራ።

በመካከለኛው የሜዳው ዳር ግን አምስት ቤቶችና አንድ ትልቅ ዛፍ ነበሩ። የቤቶቹ ባለቤቶች አንሸጥም አሉ። በዚህም ምክንያት ግንቡ ቤቶቹ ዘንድ ሲደርስ ወደ ሜዳው ውስጥ ታጠፈና ዞሯቸው አለፈ። ስታዲየሙ እስኪፈርስ ድረስ ይህ ማዕዘን አልተቃናም። ወደዚያ የተመታች ኳስ ከማዕዘኑ ጋር እየተላተመች ተከላካዮችን ታሳስት ነበር። የግል ይዞታ መብት በአንድ ጨዋታ ቅርጽ ላይ እንዲህ በግልጽ ተቀርጾ የሚታይበት ሌላ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

በግራ በኩል ያለው ግንብ ደግሞ እጅግ ሩቅ ነበር። በብዙ ሌሎች ሜዳዎች በግራው መስመር ያለው ርቀት 330 ጫማ፣ ማለትም 100 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በግሪፊዝ ስታዲየም ለረጅም ዓመታት ከ400 ጫማ ወይም ከ122 ሜትር በላይ ነበር። የዚህን ውጤት ለመረዳት አንድ ቁጥር ይበቃል። በ1945 የውድድር ዘመን ሴናተርሶች በገዛ ሜዳቸው ያስመዘገቡት ሆም ረን አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ጆ ኩኸል ኳሷ ከግንቡ ሳትወጣ በሩጫ ያገኘው ነው። ይህን ርቀት በልቡናችሁ ያዙት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

፪. በመዝገብ የሰፈሩት ክንውኖች

በስታዲየሙ ታሪክ ላይ የተጻፉ ጽሑፎች ሁሉ የሚዘረዝሯቸው ክንውኖች አሉ። የመጀመሪያው ከእሳቱ በፊት የሆነ ነው። ሚያዝያ 14 ቀን 1910 ፕሬዚዳንት ዊልያም ሃዋርድ ታፍት በዚያው ቦታ በነበረው የእንጨት ሜዳ ተገኝተው የመክፈቻውን ኳስ ወረወሩ። ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ፕሬዚዳንቶችም ይህን ልማድ ቀጠሉበት። በዚያው ቀን ለሴናተርስ የተሰለፈው ኳስ ወርዋሪ ዋልተር ጆንሰን ነበር። ጆንሰን ከ1907 እስከ 1927 ለሃያ አንድ የውድድር ዘመናት ከዚህ ቡድን ሳይለይ ተጫውቶ 417 ጨዋታዎችን በድል አጠናቋል።

ሁለተኛውና ትልቁ የ1924ቱ ድል ነው። በወርልድ ሲሪስ የፍጻሜ ውድድር ዋሽንግተን ከኒው ዮርክ ጃያንትስ ጋር ሰባት ጨዋታ ተጋጠመች። ጥቅምት 10 ቀን፣ ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ በተገኙበት የተደረገው ሰባተኛው ጨዋታ እኩል ለእኩል ሆኖ እስከ አሥራ ሁለተኛው ዙር ተራዘመ። በዕድሜ የገፋው ጆንሰን በዘጠነኛው ዙር ተተክቶ ገብቶ እስከ መጨረሻው ወረወረ። በመጨረሻ ኧርል ማክኒሊ የመታት ኳስ በመሬት ነጥራ ከተከላካዩ ፍሬዲ ሊንድስትሮም ራስ በላይ አለፈች። መዲ ሩል ሮጦ ገባ፤ ዋሽንግተንም 4 ለ 3 አሸነፈች። ቡድኑ በ1925 እና በ1933 እንደገና ለፍጻሜ ቢደርስም አልቀናውም። ከተማዪቱ ሌላ የወርልድ ሲሪስ ዋንጫ ያየችው በ2019 ነው፤ ዘጠና አምስት ዓመት ጠብቃለች ማለት ነው።

ከእነዚህ ሌላ የ1937 እና የ1956 የኮከቦች ጨዋታ፣ በግንቦት 1941 በመብራት የተደረገው የመጀመሪያው የሌሊት ጨዋታ፣ እንዲሁም ከ1937 ጀምሮ ሜዳውን የተጋራው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ግጥሚያዎች ይጠቀሳሉ። ከፉትቦሉ አንድ ቀን ብቻ ላንሣ። ታኅሣሥ 7 ቀን 1941 ጨዋታ እየተካሄደ ሳለ፣ የድምፅ ማጉያው ጄኔራሎችንና አድሚራሎችን እየጠራ ወደ ቢሯቸው እንዲሄዱ ያስታውቅ ነበር። ፐርል ሃርበር መደብደቧ ግን ለተመልካቹ አልተነገረም። መንግሥት በተቀመጠበት ከተማ መካከል በነበረው ስታዲየም የተሰበሰበው ሕዝብ ጦርነት መጀመሩን ያወቀው ባብዛኛው ከበር ከወጣ በኋላ ነው።

፫. ተከራዮቹ

አንድ ስታዲየም ዘወትር የባለቤቱ ቡድን ብቻ አይጫወትበትም። የክላርክ ግሪፊዝ ቤተሰብ ዋና ሀብቱ ቡድኑና ሜዳው ስለ ነበር፣ የኪራይ ገቢ ወሳኝ ነበር። ይህን የሚያሳይ አንድ ክስተት አለ። በ1945 ቡድኑ ለሊጉ አንደኛነት እየተፎካከረ ሳለ፣ ሜዳው ለፉትቦል እንዲለቀቅ ተብሎ የውድድር መርሐ ግብሩ ከሌሎች ቡድኖች አንድ ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ እንዲያልቅ ተደርጎ ነበር። ሴናተርሶች ጨዋታቸውን ጨርሰው ተቀምጠው ሳለ ዲትሮይት አንደኝነቱን ወሰደ።

ስታዲየሙ የቆመበት ሠፈር ደግሞ የጥቁር አሜሪካውያን የሕይወት ማዕከል ነበር። ከጎኑ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ከበታቹ የሙዚቃ ቤቶችና የቲያትር አዳራሾች የነበሩበት ዩ ስትሪት ይገኛል። ታላቁ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን በልጅነቱ በሴናተርስ ጨዋታ ላይ ኦቾሎኒ ይሸጥ ነበር። የሀዋርድ ተማሪዎች በዚያ ሜዳ ፉትቦል ተጫውተዋል። ሰባኪው ላይትፉት ሰሎሞን ሚሾ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ የሚገኝበትን የጥምቀት ሥነ ሥርዓት በዚያው አካሂዷል። በሴናተርስ ጨዋታ ቀን ግን የሠፈሩ ሰው የሚቀመጥበት ሥፍራ በልማድ የተለየ ነበር፤ እርሱም በቀኝ በኩል ያለው የዳር መቀመጫ ነው። በሜዳውም ላይ ለሴናተርስ የሚሰለፍ ጥቁር አሜሪካዊ አልነበረም።

ከ1940 ጀምሮ ግን ሴናተርሶች ወደ ሌላ ከተማ ሲጓዙ ሆምስቴድ ግሬይስ የተባለው የጥቁሮች ሊግ ቡድን ሜዳውን እየተከራየ ይጫወት ነበር። ግሬይስ መሠረቱ ፒትስበርግ አጠገብ ሲሆን ዋሽንግተንን ሁለተኛ ቤቱ አደረጋት። በ1943፣ በ1944 እና በ1948 የጥቁሮች ሊጎችን የፍጻሜ ዋንጫ ወሰደ። አንዳንድ ጊዜ የሚሰበስበው ተመልካች ከባለሜዳው ቡድን ይበልጥ ነበር። ከተጫዋቾቹ ጎልተው የሚታወቁት ጆሽ ጊብሰንና ባክ ሊዮናርድ ናቸው። ሁለቱም በ1972 ወደ ቤዝቦል የዝና አዳራሽ ገብተዋል፤ ጊብሰን ግን ያን ጊዜ ካረፈ ሃያ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር።

ባክ ሊዮናርድ በኋላ እንደተረከው፣ ክላርክ ግሪፊዝ እርሱንና ጊብሰንን አንድ ቀን ወደ ቢሯቸው አስጠርተው በዋናው ሊግ መጫወት ትፈልጉ እንደሆነ ጠየቋቸው። እነርሱም እንደሚፈልጉ መለሱ። ከዚያ በኋላ የተሰማ ነገር የለም። ይህን ጥያቄ በጋዜጣ ሳያቋርጥ ያነሣ ከነበሩት አንዱ፣ በልጅነቱ በዚያው ስታዲየም እየዞረ ይሸጥ የነበረው ሳም ሌሲ ነው። ጃኪ ሮቢንሰን በሚያዝያ 1947 በብሩክሊን ዶጀርስ ማሊያ የቀለሙን ድንበር ሲሻገር፣ ጊብሰን ከሦስት ወር በፊት በሠላሳ አምስት ዓመቱ ሞቶ ነበር። ሴናተርስ የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋች፣ ኩባዊውን ካርሎስ ፓውላን ያሰለፈው በመስከረም 1954 ነው።

፬. 565 ጫማ

አሁን ወደ ሩቁ የግራ ግንብ እንመለስ። ሚያዝያ 17 ቀን 1953 የኒው ዮርክ ያንኪስ ወጣት ሚኪ ማንትል፣ ቸክ ስቶብስ የወረወረውን ኳስ በግራ በኩል ካለው መቀመጫ በላይ አሳልፎ ከስታዲየሙ ውጭ አወጣው። ኳሷ በመንገዷ የማስታወቂያ ሰሌዳ ጫፍ ነክታ ከአንድ መኖሪያ ቤት ጓሮ ወደቀች። የያንኪስ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሬድ ፓተርሰን ወዲያው ከሜዳው ወጥቶ ኳሷን ካገኘ ልጅ ጋር ተነጋገረና ርቀቱ 565 ጫማ፣ ማለትም 172 ሜትር ነው ብሎ ለጋዜጠኞች አስታወቀ። በእንግሊዝኛው የቤዝቦል ቋንቋ በጣም ርቆ ለተመታ ኳስ «በሜትር የሚለካ ሆም ረን» እንደማለት ያለ ስም የተለመደው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ፓተርሰን ግን ሜትር አልያዘም ነበር። በኋላ ራሱ እንደተናገረው ርቀቱን የገመተው በእርምጃ ነው። ኳሷም ሰሌዳ ነክታ አቅጣጫዋን የቀየረች፣ ስትወድቅም ያየ ሰው የማይታወቅ በመሆኑ፣ ቁጥሩ በሳይንሳዊ ሚዛን የሚጸና አይደለም። የሆነ ሆኖ 565 የሚለው ቁጥር በመጻሕፍት ገባ፤ እስከ ዛሬም ይጠቀሳል።

ጊብሰንም በዚያው አቅጣጫ ከመቀመጫው በላይ ኳስ ማሻገሩን የጥቁሮች ሊግ ተጫዋቾችና ተመልካቾች ይናገሩ ነበር። ነገር ግን ከሜዳው ወጥቶ በእርምጃ የሚቆጥር የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ፣ ቁጥሩንም ተቀብሎ በማግስቱ ለመላው አገር የሚያሠራጭ ጋዜጣ አልነበረም። የጥቁሮች ሊግ ቡድኖች ለኪራይና ለጉዞ የሚበቃቸውን ገንዘብ ለማግኘት ከሊጉ ውጭ ብዙ ጨዋታ ያደርጉ ስለ ነበር፣ የነጥብ መዝገባቸው የተሟላ አልነበረም። ስለዚህ የማንትል ምት ክንውን ሆነ፤ የጊብሰን ምት ግን አፈ ታሪክ ሆኖ ቀረ።

ልብ በሉ፤ ልዩነቱ አንደኛው እውነት ሌላው ተረት መሆኑ አይደለም። የሁለቱም ርቀት በትክክል አልተለካም። ልዩነቱ የአንደኛው ግምት ተቋም ያለው ሰው ስለ ተናገረው ቁጥር መሆኑ ነው። በታሪክ ሙያ ውስጥ «ማስረጃ የለም» የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ «መዝጋቢ አልተመደበለትም» ማለት ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ሳንለይ የምንጽፈው ታሪክ የቀድሞውን አድልዎ በእኛ እጅ ይደግመዋል።

፭. ፍጻሜው

ክላርክ ግሪፊዝ በ1955 ሲያርፉ ቡድኑ ወደ ካልቪን ግሪፊዝ እጅ ገባ። በ1960 መጨረሻ ቡድኑ ወደ ሚኒሶታ ተዛውሮ ትዊንስ ተባለ። በዘመኑ የተሰጠው ምክንያት የተመልካች ማነስና የሜዳው ማርጀት ነበር። በ1978 ግን ካልቪን ግሪፊዝ በሚኒሶታ በአንድ የማኅበር ስብሰባ ላይ፣ ቡድኑን ወደዚያ ያመጡት በአካባቢው የሚኖረው የጥቁር ሕዝብ ቁጥር አነስተኛ መሆኑን በማየት እንደሆነ ተናገሩ። ንግግራቸው በጋዜጣ ታትሞ ከባድ ቁጣ አስነሣ። በ2020 ትዊንስ ሐውልታቸውን ከስታዲየሙ ፊት አንሥቷል። እንግዲህ «ገበያው አነሰ» የሚለው ይፋዊ ምክንያት ከሥሩ ሌላ ነገር እንደ ነበረው ለማወቅ አሥራ ስምንት ዓመት ፈጅቷል።

በዋሽንግተን የተቋቋመው አዲሱ ሴናተርስ አንድ ዓመት በአሮጌው ሜዳ ተጫወተ። መስከረም 21 ቀን 1961 የመጨረሻው ጨዋታ ተካሄደ። ተጋጣሚው ከተማዪቱን ጥሎ የሄደው ቡድን፣ ትዊንስ ነበር፤ 6 ለ 3 አሸንፎ ሄደ። የተገኘው ተመልካች 1,498 ብቻ ነበር። ስታዲየሙ በ1965 ፈረሰ። በ1975 የሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በቦታው ላይ ተከፈተ።

፮. እኛና ያ ሥፍራ

ይህ ቦታ ከእኛ ጋር ያለው ግንኙነት ከስደቱ ዘመን ይቀድማል። ዶክተር መላኩ በያን በ1935 ከሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሲመረቁ፣ ስታዲየሙ ከትምህርት ቤታቸው ጥቂት እርምጃ ርቆ ቆሞ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አገራቸውን ያገለገሉት፣ በኋላም በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽንን ያቋቋሙት እኒሁ ሰው፣ ጥቁር አሜሪካውያንን ከኢትዮጵያ ጉዳይ ጋር ያስተሳሰሩ ናቸው። በ1974 ከተነሣው አብዮት በኋላ ኢትዮጵያውያን በዋሽንግተን ሲበዙ፣ የንግድ ቤቶቻቸው ቀስ በቀስ ወደ ዩ ስትሪት አካባቢ መጡ። በ2005 ገደማ የዘጠነኛው ጎዳና ክፍል «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ እንዲሰየም ሐሳብ ሲቀርብ፣ ከነባሮቹ ጥቁር አሜሪካውያን ነዋሪዎች አንዳንዶቹ ተቃወሙ። ሠፈሩ የራሳቸው የባህል ታሪክ ያለበት መሆኑን አስታወሱ።

ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ተቃውሞውን እንደ ቅናት ቆጥረነው ነበር፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ። የስታዲየሙን ታሪክ ካጠናሁ በኋላ ግን ጭንቀታቸው ገባኝ። ድላቸው በሰው ሜዳ በኪራይ የተገኘ፣ ቁጥራቸው ያልተመዘገበ፣ ሜዳውም የፈረሰ ሕዝብ፣ የቀረው ስም ሌላ ስም ሲጻፍበት ዝም ብሎ ሊያይ አይችልም። ይህ የንግድ ቤቶቻችንን ጥረት የሚያሳንስ አይደለም፤ ወደ አንድ ሠፈር ስንገባ በፊት የነበረውን የማወቅ ግዴታ አለብን ማለት ነው።

፯. የተመለሰው መዝገብ

በመጨረሻ መልካም ዜና ላካፍላችሁ። ተመራማሪዎች ለዓመታት የጥቁር አሜሪካውያንን ጋዜጦች፣ በተለይ እንደ ፒትስበርግ ኩሪየርና አፍሮ አሜሪካን ያሉትን፣ ገጽ በገጽ እየገለጡ የጨዋታ ውጤቶችን ለቀሙ። በታኅሣሥ 2020 የአሜሪካ ዋናው የቤዝቦል ሊግ ከ1920 እስከ 1948 የነበሩትን የጥቁሮች ሊጎች የዋናው ሊግ እኩያ አድርጎ ተቀበለ። በግንቦት 2024 ቁጥሮቻቸው በይፋዊው መዝገብ ገቡ። በዚያ ቀን ጆሽ ጊብሰን በመምታት አማካይ፣ ማለትም በተሳካ ምትና በሙከራ ብዛት ንጽጽር፣ በ0.372 የምንጊዜም አንደኛ ሆነ፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት ክብሩን ይዞ የቆየውን ታይ ኮብን በለጠ።

በዚህ ቁጥር ላይ ክርክር አለ። የጥቁሮች ሊጎች የውድድር ዘመን አጭር ነበር፤ የተገኘውም መረጃ ሙሉ አይደለም። ክርክሩ ተገቢ ነው። ሆኖም 565 ጫማን ሰባ ዓመት ሳይጠይቅ የተቀበለ ሰው 0.372ን ብቻ ለይቶ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው ስለ ትክክለኛነት ብቻ እንዳልሆነ ልንነግረው ይገባል። ሁለቱንም በአንድ ሚዛን ይመዝን።

ውድ ተማሪዎች፤ በዚህ ዓመት ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ የአንድን ተቋም፣ የትምህርት ቤትም ሆነ የፋብሪካ፣ ታሪክ የምትመርጡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የምረቃ ቀንና የሽልማት ዝርዝር በቀላሉ ታገኛላችሁ። ከዚያ አልፋችሁ ተከራዩ ማን እንደ ነበር፣ ማን በየት በኩል ይቀመጥ እንደ ነበር፣ ቤቱን አልሸጥም ያለውን ጎረቤት፣ መዝገቡን የሚይዘውንም ሰው ጠይቁ። መዝገብ ከሌለም ከሌላ ቦታ፣ ከአሮጌ ጋዜጣም ይሁን ከእማኝ ቃል፣ ሊለቀም ይችል እንደሆነ ሳትፈትሹ «ማስረጃ የለም» ብላችሁ አትጻፉ።

ወዳጄ ከሕመሙ ዳነ። ከዚያ ቀን በፊት በዚያ ሆስፒታል ለዓመታት ተመላልሷል፤ ምልክቱንም አይቶት ነበር። የሕንፃ ጥገና ምልክት ይመስለው እንደ ነበር ነገረኝ።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።